ዳገት የሚባለው ወይን

የጠርሙሱን ጀርባ ያነበበ ሰው እኛ ወይን ሳይሆን ጸሎት የምንጠምቅ ሊመስለው ይችላል። «ከጥንታዊ እሳተ ገሞራ ትንፋሽ፣ ከማለዳ ጉም እቅፍ፣ ከዳገቱ ዝምታ የተወለደ ቀይ» ይላል። የዳገቱ ዝምታ! እኔ በዚያ ዳገት ላይ ትራክተር ስነዳ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። ከላይ ንፋስ፣ ከሥር ጠጠር፣ መሃል ላይ ደግሞ ፍሬን እየረገጥኩ የምሳደብ እኔ አለሁ። ጉም የሚሉትንም አይቼው አላውቅም። ምናልባት ብሮሸር የሚያዘጋጁት ሰዎች ሲመጡ ብቻ ብቅ ይል ይሆናል።

ወይኑ «ዳገት» ይባላል። አንዱ ጠርሙስ የወር ደሞዜን ግማሽ ይውጣል። ለዚህ ነው መሰለኝ የሚገዙት ሰዎች ዝም ብለው የማይጠጡት። መጀመሪያ ያዩታል፣ ቀጥሎ ያሸቱታል፣ ከዚያ ብርጭቆውን አልተኛም እንዳለ ሕፃን እያወዛወዙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ በመጨረሻ አንድ ጉንጭ ይይዙና «እሳተ ገሞራው ይሰማኛል» ይላሉ። ይስማችሁ! እኔ ምን ቸገረኝ።

ባለቤቱን እኛ ሠራተኞቹ ጋሽ ቡሽ እንለዋለን፤ በሌለበት ነው ታዲያ። ቡሽ ማሽተት ይወዳል። ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ቡሹን አፍንጫው ሥር ይለጥፍና ራሱን ይነቀንቃል። ሚስቴ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ከሚለጥፉት ሴቶች አንዷ ናት። አንድ ቀን ወለል ላይ ወር የከረመ ቡሽ አንሥታ ብታቀብለው «አቤት፣ ግሩም ዓመት!» ብሏት ሄደ። ክፉ ሰው ነው አልልም። ሰላምታ አያጎድልም፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ደሞዝ በቀኑ ይከፍላል። ብቻ ስም ሲነሳበት ሌላ ሰው ይሆናል።

እርሻው ሁለት ማሳ ነው። አንዱ ዳገቱ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተሳለው፣ ከዋናው መንገድ የሚታየው፣ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት። ሌላው ታችኛው ማሳ ነው፤ ከጋራዡ ጀርባ፣ በሠራተኞቹ ቤትና በጅረቱ መሃል የተሰነቀረ ጥቁር አፈር። ከታችኛው ማሳ የሚወጣው ወይን በጀሪካን እየተሞላ በር ላይ ለሠፈሩ ሰው ይሸጣል። ስም እንኳ አልወጣለትም፤ «የጀሪካኑ» ነው የሚባለው።

ታችኛውን ማሳ ከዐርባ ዓመት በፊት በእጁ የተከለው አባቴ ነው። መሬቱ የሱ አይደለም፤ ያኔም ተቀጣሪ፣ ዛሬም ተቀጣሪ። ግን እያንዳንዱን ግንድ ለይቶ ያውቃል። እኔን ለመጥራት እንኳ የአራቱን ወንድሞቼን ስም ጠርቶ ጨርሶ ነው የሚደርስብኝ፤ በግንዶቹ ግን ተሳስቶ አያውቅም። ለቀማ ሲቃረብ ሌሎቹ ስኳር የሚለካ መሣሪያ አንጠልጥለው ይዞራሉ። አባቴ አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ ያፈርጣትና ትንሽ ቆይቶ «ሐሙስ» ይላል። ሰዎቹ ለክተው፣ ደምረው፣ አካፍለው ሲጨርሱ ሐሙስ ይሆናል።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

እኛ ጋ አሠራሩ እንዲህ ነው። የተለቀመው ወይን ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሳጥኑ እጀታ ላይ ካርድ በሽቦ ይታሰራል። ከዳገቱ ከሆነ ቀይ፣ ከታች ከሆነ አረንጓዴ። ጠማቂያችን መጋዘኑ በር ላይ ወንበር አስቀምጦ ካርዱን ብቻ ያያል። ቀይ ወደ ቀኝ፣ አረንጓዴ ወደ ግራ። ሳጥኑ ውስጥ ድንች ብትሞላበትም ካርዱ ቀይ እስከሆነ ድረስ ወደ ቀኝ ያሳልፈዋል። «እኔ የማምነው በሥርዓት ነው» ይላል።

የዛሬ ስድስት ዓመት በለቀማ ሰሞን ሳይታሰብ ዝናብ ወረደ። የዳገቱ መንገድ ሳሙና ሆነ። የትራክተሬ ፍሬን ደግሞ «በዚህ ሳምንት ይሠራልሃል» እየተባልኩ ሦስት ወር የቆየሁበት ፍሬን ነው። የታችኛው ማሳ ተለቅሞ ተሳቢዬ ላይ ተጭኗል። በዚህ መሃል ጋሽ ቡሽ ደወለ።

«የዳገቱ ዛሬ ካልገባ ጉድ ይፈላል! የት ነህ?»

«እየመጣሁ ነው!» አልኩ።

እውነቴን ነው፣ እየመጣሁ ነበር። ብቻ ከዳገቱ አልነበረም። የውሃ ታንከሩ ያለበት መታጠፊያ ላይ ቆምኩና አረንጓዴውን ፈትቼ ለዳገቱ የተሰጠኝን ቀዩን አሰርኩ። ዐርባ ሳጥን፣ ሃያ ደቂቃ። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ሲደርቅ የዳገቱን ለቅመው ጫኑልኝ፤ እሱን በአረንጓዴ ካርድ አስገባሁት። ተገላገልኩ አልኩ። ወይን ወይን ነው፣ ማን ይለየዋል?

የዚያ ዓመት ዳገት የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ።

ከዚያ በፊት እኮ ዳገት ማለት ማንም የማያውቀው ኮምጣጣ ቀይ ነበር! አሁን ጋዜጣው ጻፈ፣ እንግዳው ጎረፈ፣ ብሮሸሩ ታተመ፣ እሳተ ገሞራውም በዚያው ሰሞን ተገኘ። ጋሽ ቡሽ ሰብስቦን እንባ ባቀረረ ዓይኑ እያየን «አደራችሁን፣ ልክ እንደ አምናው አድርጉልኝ» አለ። እኔ ታዛዥ ሠራተኛ ነኝ። ልክ እንደ አምናው አደረግሁ። በሦስተኛውም ዓመት፣ በአራተኛውም እንደዚያው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የኔም ዝምታ ስድስት ዓመት ሳይነቅዝ ተቀመጠልኝ።

የሚያስቀኝ የጀሪካኑ ነበር። ዳገቱ ያለው እኮ እሱ ውስጥ ነው! እሳተ ገሞራው፣ ጉሙ፣ ዝምታው፣ ሁሉም በጀሪካን ተሞልቶ በር ላይ ይሸጣል። የሠፈሩ ሰው በለስላሳ በርዞ፣ ፊቱን አጨማዶ ይጠጣዋል። «አባትህ ዘንድሮም አቃጠሉን» ይሉኛል ጨጓራቸውን እያሹ። እኔ እስቃለሁ። አባቴ ይህን ሲሰማ አይስቅም። ራሱ ቀምሶ እንዳይፈርድ ሐኪም መጠጥ ከከለከለው ስምንት ዓመቱ ነው። «መሬቱ ደክሞት ይሆናል» ይልና በእረፍት ቀኑ ፍግ በጆንያ ተሸክሞ ማሳው ላይ ይበትናል። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ወገቡ። በመስኮት አየው ነበር፤ እያየሁት ዝም አልኩ።

ዘንድሮ በክርከማ ሰሞን ጋሽ ቡሽ ሁላችንንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበና ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ሰቀለ። ሥዕሉ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ አዳራሽ አለ። ከፊቱ አስፋልት፣ አስፋልቱ ላይ አብረቅራቂ መኪኖች ተደርድረዋል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ጣታቸውን ወደ ዳገቱ ቀስረው ይስቃሉ።

«ዳገትን የሚወዱ እንግዶች ከየአቅጣጫው እየመጡ ነው» አለ። «ግን መኪና ማቆሚያ የለንም። ስለዚህ ታችኛው ማሳ ይነሳል። ለጀሪካን ብለን ይህን የመሰለ ሜዳ ማባከን ነውር ነው።»

አባቴን ወደ ፊት ጠራና የጡረታ ምስክር ወረቀት ሰጠው፤ በፍሬም የገባ፣ የዳገቱ ሥዕል ያለበት። ሰው አጨበጨበ። አባቴ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር አየው።

«መቼ ነው የሚነሳው?» አለ።

«ለቅምሻ የጠራናቸው እንግዶች ከሚመጡበት ቅዳሜ በኋላ፣ ሰኞ ዶዘሩ ይገባል አባባ። እርስዎም ያርፋሉ።»

«እንግዲያው ሦስት ሳምንት አለኝ» አለና ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

በማግስቱ ማሳው ውስጥ አገኘሁት። መቀሱን ይዞ ይከረክማል። ለይስሙላ እንዳይመስላችሁ፤ ተንበርክኮ፣ ዘንድሮ ፍሬ የሚሰጠውን ቅርንጫፍ ከማይሰጠው እየለየ ነው የሚከረክመው።

«አባባ፣ ሊነቀል ነው እኮ!»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትደክማለህ?»

«ጊዜው የክርከማ ነዋ» አለኝ ቀና ሳይል። «ሰው ሊሞት ነው ተብሎ ፊቱን አይታጠብም?»

 ጋራዡ ውስጥ ገብቼ ትራክተሬ ሥር ተጋደምኩ። ምንም ያልተበላሸ ብሎን እየፈታሁና መልሼ እያሰርኩ አረፈድኩ። አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ለሚስቴ ዘረገፍኩላት። ዝናቡን፣ ካርዱን፣ ወርቁን፣ ስድስቱንም ዓመት። ትስቃለች ብዬ ነበር። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ፍግ ተሸክመው ሲመጡ ወገባቸውን የማሸው እኔ ነኝ» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ አንጀት የለህም?»

«እንጀራዬን እንዳላጣ ብዬ እኮ ነው...»

«እሱን ለሌላ ንገር! አሁን ተነሥና ለጋሽ ቡሽ ንገረው። ወይኑ ከየት እንደሚወጣ ካወቀ ማሳውን አጥር ያጥርለታል እንጂ አስፋልት አያለብሰውም። የምትታለብ ላም ማን ያርዳል? እስክትነግረው ድረስ ግን እኔን እንዳታናግረኝ።»

እውነቷን ነበር፤ ቢያንስ ያኔ እውነቷን መስሎኝ ነበር። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ኮፍያዬን አውልቄ ሄድኩ።

የጋሽ ቡሽ ቢሮ ግድግዳው ሁሉ ሜዳሊያ ነው። ጠረጴዛው ላይ የየዓመቱ ቡሽ በየብልቃጡ ተቀምጧል። ልቀመጥ ሳልል፣ እንደቆምኩ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሲጀመር አንድ ቡሽ አፍንጫው ሥር ይዞ ነበር፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ተነሥቶ በሩን ዘጋ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ተመልሶ ተቀመጠና ፈገግ አለ።

«እኔ ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመት ነው።»

«ምን አሉ?»

«ላቦራቶሪ የሚባል ነገር አለ እኮ። ደግሞ መታጠፊያው ላይ ካርድ ስታስር ከዚህ ከቢሮዬ ሰገነት ሆኜ አይቼሃለሁ። አንዷንም ሳጥን አልዘለልክም። ትጉ ሰው ነህ።»

 «ታዲያ ጋሼ፣ ካወቁ ማሳውን ለምን ያስነቅሉታል? ወይኑ እኮ እሱ ነው!»

«ወይኑ?» አለ፤ የማያውቀውን ሰው ስም የጠራሁበት ይመስል። «ስማኝ። በመጀመሪያው ሁለት ዓመት ሰው ወይኑን ጠጣ። አሁን የሚጠጣው ስሙን ነው። ስሙ ደግሞ ዳገት ነው እንጂ ጋራዥ ጀርባ አይደለም። ከእንግዲህ የእውነት የዳገቱን እንሞላለን። ቢኮመጥጥ ዘንድሮ ባሕርይ አወጣ ይሉታል። መኪናውን የሚያቆምበት ያጣ እንግዳ ግን ዞሮ ይሄዳል።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት። ያን ኩበት ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ በውድ የሚሸጥ ሰው ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እውነት እውነት እላችኋለሁ፣ በውስጤ አደነቅሁት።

«አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሳ» አለ። «ካርዱን የቀየረው የማን እጅ ነው? የኔ አይደለም። ነገሩ ከወጣ አጭበርባሪው አንተ ነህ፣ የሚታሰረውም አንተ ነህ። እኔ በሠራተኛው የተታለለ ምስኪን ነኝ።» መሳቢያውን ከፈተና የፒክአፕ መኪና ቁልፍ አወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ የትራንስፖርት ኃላፊ ነህ። ለአባትህ አትንገራቸው፤ በስተርጅና ልባቸው ይሰበራል።»

ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? አፌን ይቁረጠውና፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ለሚስቴ «ነግሬዋለሁ፣ አስብበታለሁ ብሏል» አልኳት። ቁልፉን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ሳህኑን ማጠብ ቀጠለች። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፒክአፑ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ደስ ይል ነበር። መስኮቱ በአዝራር ይወርዳል። የመጀመሪያ ቀን ያለ ምንም ጉዳይ ግቢውን ሦስቴ ዞርኩት። ሦስተኛው ዙር ላይ አባቴ ከማሳው ቀና ብሎ እጁን አውለበለበልኝ፤ በሹመቴ ደስ ብሎት።

የእንግዶቹ ቀን ደረሰ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች መጡ። ሾፌሩ ቸኩሎ ዶዘሩን ቀድሞ አምጥቶ ታችኛው ማሳ ዳር አቁሞታል። ጋሽ ቡሽ ለዓይን እንዳያስጠላ ብሎ ነጭ ጨርቅ አስለበሰው። እንግዶቹ የሚመረቅ ሐውልት መስሏቸው ከጎኑ ፎቶ ይነሱ ጀመር።

አባቴን አዲስ ሽርጥና የሣር ባርኔጣ አልብሰው ከበርሜሎቹ አጠገብ አቁመውታል። ጋሽ ቡሽ «ዳገቱን ለዐርባ ዓመት ያሳደጉ አባት!» ብሎ ያስተዋውቀዋል።

«ዳገቱን እኔ አላሳደግሁም» አለው አባቴ።

«እርስዎ ዝም ብለው ራስዎን ይነቅንቁልኝ አባባ። እንግዳ አይከፋብን።»

ከእንግዶቹ ሁሉ የምትፈራው አንዲት ቀማሽ ነበረች። አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሴት። እሷ መልካም ቃል የጻፈችለት ወይን ዋጋው ይሰቀላል፣ ፊቷን ያዞረችበት ደግሞ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ዳገትን ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። «ጭስ አለው» አለች። «ከሩቅ የሚመጣ፣ ጥልቅ ጭስ።» እንግዶቹ «እሳተ ገሞራው!» ተባባሉ። ምን እሳተ ገሞራ፣ ትራክተሬ ነው እንጂ! ከጋራዥ ጀርባ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጨስኩባቸው ግንዶች ናቸው። ይሁንና ሴትዮዋ ከሌሎቹ ትለይ ነበር። ብቻዋን ዳገቱ ላይ ወጣች፣ ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ፈተገች፣ ግንባሯን ቋጥራ ተመለሰች። ስትመለስም በታችኛው ማሳ በኩል ዞራ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየች።

ቀጥ ብላ ወደ አባቴ መጣች። «አባቴ፣ የዚህ ወይን ምስጢሩ ምንድን ነው?»

መነቅነቅ ነበረበት። አልነቀነቀም። «እኔ እንጃ የኔ ልጅ» አለ። «እኔ የታችኛው ነኝ። እላይ ያለውንማ ለፍየልም አልሰጠው።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው ጋሽ ቡሽ ነው። «አባባ ቀልድ ያውቃሉ!» እያለ ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደርገዋል። ቀማሿ ግን አልሳቀችም። የራሷን ብርጭቆ ዘረጋችለት።

«እስቲ ይቅመሱት።»

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«አንድ ጉንጭ ብቻ። ስለ እኔ ብለው።»

አባቴ የሰው እጅ መመለስ አይሆንለትም። ተቀበላት። አላወዛወዘውም፣ አላሸተተውም፤ ፍሬ እንደሚቀምሰው አፉ ውስጥ ይዞ ቆየ። ፊቱን አየሁት። መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ዋጠና ብርጭቆውን አየ፣ ቀጥሎ ዞሮ ታችኛውን ማሳ አየ። 

«ይሄማ የኔ ነው» አለ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» አለች አንዷ፣ እንባዋን እየጠረገች። ጋሽ ቡሽ ሠራተኛና ድርጅት አንድ ቤተሰብ ስለ መሆናቸው ንግግር ጀመረ።

«አይ፣ የምሬን ነው» አለ አባቴ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይሄ ከጅረቱ ወዲህ ካሉት መስመሮች ነው። እንዴት ይጠፋኛል? በየዓመቱ ፍሬውን እየቀመስኩ!»

ቀማሿ እጇን አነሳች፤ ጭብጨባው ቆመ። «ሊነቀል ከተዘጋጀው ማሳ ነው የሚሉኝ?»

«አዎ የኔ ልጅ።»

«አባባ አርጅተዋል» አለ ጋሽ ቡሽ። «ከረጅም ጊዜ በኋላ መጠጥ ቀምሰው ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልን...»

«ብርጭቆው ውስጥ ያገኘሁት እርጥበት የጠገበ ጥቁር አፈር ነው። እላይ ያየሁት ጠጠር ነው» አለች፣ ሳታየው። «እኚህ አባት ያሉት እውነት ከሆነ ነገ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ያንን ማሳ ለመንካት የሚደፍር አይኖርም። ወይኑን ከማሳ ወደ መጋዘን የሚጭነው ማነው?»

«ልጄ ነው!» አለ አባቴ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ያው እዚያ የቆመው። እሱን ጠይቂው።» ከዚያ እሱ ራሱ ዞረብኝ። «ንገራት እስቲ ልጄ። ይሄ ከየት ነው?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሚስቴ ከመለጠፊያው ጠረጴዛ ኋላ ቆማ «በል» ትለኛለች በዓይኗ፣ «በል፣ በል!» ጋሽ ቡሽ ራሱን አልነቀነቀም፣ አልጠቀሰኝም፤ ቁልፉ ያለበትን ኪሴን ብቻ ተመለከተ። እስር ቤቱ በዓይኔ መጣ። ፒክአፑም መጣ። ምናለ ያን ጊዜ እሱን ባላስብ! «ካንተ ነው አባባ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፣ እምላለሁ። እሷን ብተፋት ማሳው ይተርፍ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

«ከዳገቱ ነው አባባ» አልኩ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድበኝ፣ በሰው ፊት በጥፊ ቢያጮለኝ! አልተቆጣም። ዓይኑን ሁለት ሦስቴ ጨፈነና ገለጠ።

«ከዳገቱ?»

«አዎ።»

«በእጅህ ጭነኸው?»

«በእጄ።»

ብርጭቆውን እንደገና ተመለከተው፤ ደግሞ ለመቅመስ ወደ አፉ አስጠጋና ሳይቀምስ መለሰው። ከዚያ ለቀማሿ በሁለት እጁ አቀበላት። «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ፣ አሳሳትኩሽ» አላት። «ልጄ ካለ ነው። እርጅና ነው እንግዲህ፤ ለካ ምላሴም አብራኝ ጡረታ ወጥታለች።»

እንግዶቹ በፍቅር ሳቁለት። ቀማሿ ለረጅም ጊዜ እኔን አየችኝ፤ መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ። ከዚያ ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችውን መስመር ሰረዘች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ ግን ወለምታም አልነበረም፣ አውቄ የሰበርኩት ነው።

ሰኞ ዶዘሩ ገባ። የዐርባ ዓመቱን ማሳ ለመገልበጥ እስከ ምሳ ሰዓት በቃው። ግንዱን ጭኖ የሚደፋ ሰው ሲፈለግ የትራንስፖርት ኃላፊው እኔ ነበርኩ፤ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ። አባቴ ሊያይ አልወጣም። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ መቀሱን በዘይት ሲወለውል ዋለና የጎረቤት ልጅ ጠርቶ ሰጠው።

ለቀማው ደርሶ አለፈ፤ የእውነት ከዳገቱ የተጠመቀው የዘንድሮ ዳገት ገና በርሜል ውስጥ እያለ ተሽጦ አልቋል። ጠማቂያችን ቀምሶት ሦስት ቀን ጨጓራውን ታመመ። መኪና ማቆሚያው ቅዳሜና እሁድ ቦታ አይገኝበትም። ሚስቴ «ጋዝ አልቋል»፣ «ውሃ ሄዷል» ከማለት ሌላ የምትነግረኝ የለም። ፈርዶብኛል፣ ምን እላለሁ።

አንድ ቀን እንደ ምንም ደፈርኩና ከአባቴ አጠገብ ቁጭ አልኩ። «አባባ፣ የዚያን ለት እኮ...» ስል አላስጨረሰኝም። «ተወው ልጄ» አለኝ፣ ጉልበቴን መታ መታ እያደረገ። «በሰው ፊት አሳፈርኩህ አይደል? ያውም አዲስ ተሹመህ።» ተነሥቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሞክሬም አላውቅ።

አሁን ከእኛ ጋር ነው የሚበላው። ሾርባው ሲቀርብለት አንድ ማንኪያ ይቀምስና ይቆማል። አፉ ውስጥ ይዞት ያስባል፣ ያስባል፣ ይጨነቃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይላል።

«ልጄ፣ ጨው አለው?»

ሚስቴ ሳህኗ ላይ ታቀረቅራለች።

«አለው አባባ» እለዋለሁ።

«እንግዲያው ደህና» ይልና አምኖኝ ይበላል።